የተሸነፉት ታብሌቶች በማን ተሸነፉ? ከባሕር ዳር የተጻፈ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ አዲስ የሥራ ታብሌት የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ። የጻፉት ሰው የከተማችን የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ናቸው። በዕድሜም በሥራም ይበልጡኛል። ስንገናኝ «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አስመጪ አዲስ የሥራ ታብሌት ወደ ባሕር ዳር ሊያስገባ አስቧል። የዕቃውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ማስታወቂያ ይሆንብኛል። አንድሮይድ ነው። ስክሪኑ ስምንት ኢንች ነው። ውሃና አቧራ ይችላል። ባትሪው በእጅ ተነቅሎ ይቀየራል። አስመጪው ለሆቴሎች፣ ለመጋዘኖች፣ ለጀልባ ማኅበራትና ጥናት ለሚያስጠኑ ድርጅቶች ሊሸጠው ነው ሐሳቡ። ጋሼ ግን «አይፓድ ባለበት ገበያ ይህ ዕቃ ዓመት አይሞላውም» ብለው ጽፈዋል። ምክንያታቸው አምስት ነው። አይፓድን የተገዳደረ ሁሉ ወድቋል። አፕ ያለው አይፓድ ላይ ነው። አይፓድ ተመልሶ ሲሸጥም ዋጋውን አያጣም። ለሥራ ደግሞ ስልክ ይበቃል። በመጨረሻም፣ ኔትወርክ በሚቋረጥበት ከተማ ታብሌት ከመግዛት መዝገብ ይሻላል።

እኔ ለሆቴሎች፣ ለሱቆችና ለመጋዘኖች የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም እተክላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ አስመጪ ጋር ምንም የጥቅም ግንኙነት የለኝም። መልስ ለመጻፍ የተነሳሁት የጋሼን ጽሑፍ ያነበቡ ሁለት ደንበኞቼ ስለደወሉልኝ ነው። አንደኛዋ ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት አላት። «ታዲያ አይፓድ ልግዛ ወይስ ጭራሽ ልተወው?» አለችኝ። ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈች አውቃለሁ። እንግዳ ጠፍቶ ባዶ ወንበር ስትቆጥር የከረመች ሰው ናት። የምታወጣው እያንዳንዱ ብር ያሳስበኛል። በስልክ ቶሎ ብዬ የምመልሰው ጥያቄ ስላልመሰለኝ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት።

ከታሪኩ ልጀምር። ጋሼ አይፓድን የተገዳደሩ ብለው ብላክቤሪን፣ ኤችፒን፣ ሲስኮንና ማይክሮሶፍትን ጠርተዋል። መውደቃቸው እውነት ነው። ጋሼ ግን መቼ እንደወደቁ ነገሩን እንጂ ለምን እንደወደቁ አልነገሩንም። ለእኛ የሚጠቅመን ደግሞ ምክንያቱ ነው። (ከዚህ በታች የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አይፓድ ገበያ የወጣው በኤፕሪል 2010 ነው። በ80 ቀን ውስጥ 3 ሚሊዮን ተሸጠ። የብላክቤሪ ስልክ ሠሪው የካናዳ ኩባንያ፣ ሪሰርች ኢን ሞሽን፣ ፕሌይቡክ የሚባለውን ታብሌት ያወጣው ከዓመት በኋላ በኤፕሪል 2011 ነው። በዚያ ዘመን ብላክቤሪ የቢሮ ሰው ስልክ ነበር። ሰው የሚገዛውም በዋናነት ለኢሜይል ነበር። ፕሌይቡክ ሲወጣ ግን የራሱ ኢሜይል አልነበረውም። የቀጠሮ መያዣም፣ የስም ዝርዝርም አልነበረውም። ኢሜይል ለማየት የብላክቤሪ ስልክ ከጎኑ ሆኖ መገናኘት ነበረበት። የጎደለው የተሟላው በፌብሩዋሪ 2012 ነው። ከዚያ በፊት ኩባንያው ባልተሸጡ ፕሌይቡኮች የተነሳ 485 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቦ ነበር።

እስቲ አስቡት። ለቢሮ ሰው ተሠራ የተባለ ዕቃ የቢሮ ሰው ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍተውን ነገር ሳይዝ መጣ። ዋጋው ደግሞ ልክ እንደ አይፓዱ ከ499 ዶላር ይጀምር ነበር። ያላለቀን ዕቃ ባለቀ ዕቃ ዋጋ ማን ይገዛል? ይህን ታብሌት አይፓድ ጣለው ለማለት ይከብደኛል። የጣሉት ሳይጨርሱ የላኩት ሰዎች ናቸው።

የኤችፒው ተችፓድ ታሪክ አጭር ነው። በጁላይ 2011 መጀመሪያ ወጣ፤ በኦገስት አጋማሽ ኩባንያው ራሱ ተወው። ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ዋጋው ከ499 ተነስቶ 99 ዶላር ሲደርስ ሰው ተሻምቶ ገዛው። ፈላጊ አልጠፋም ነበር ማለት ነው፤ በዚያ ዋጋ ግን አምራቹ ከኪሱ ነው የሚጨምረው።

ለጋሼ ክርክር ከሁሉም የሚቀርበው ሲስኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ሲየስ የተባለ ታብሌት ነው። ከጅምሩ ለሥራ ብቻ የተሠራ ነበር። በ2010 አስተዋወቁት። ሰባት ኢንች ነው፤ አንድሮይድ ነው፤ ከጠረጴዛ ስልክ ጋር ተሰክቶ በቪዲዮ ስብሰባ ያገናኛል። በ2012 አቆሙት። ሲስኮ ራሱ የሰጠው ምክንያት ሠራተኞች የገዛ ራሳቸውን መሣሪያ ወደ ቢሮ ይዘው መምጣት መጀመራቸው ነው። ይህ ለአሜሪካ ቢሮ ይሠራል። እኔ ግን ባሕር ዳር ውስጥ የራሱን አይፓድ ይዞ ሥራ የሚገባ አስተናጋጅ ወይም ዕቃ ጠባቂ አላየሁም። እዚህ መሣሪያውን የሚገዛው አሠሪው ነው። ሲየስን የገደለው ነገር እኛ ጋ የለም።

የማይክሮሶፍትን ታሪክ ደግሞ ጋሼ ግማሹ ላይ ነው ያቆሙት። ሰርፌስ አርቲ የሚባለው ታብሌቱ በኦክቶበር 2012 ወጣ። በሚቀጥለው ጁላይ ማይክሮሶፍት 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበበት። መልኩ ዊንዶውስ ይመስላል እንጂ የቆዩትን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አይከፍትም ነበር። እኛ አገር ቢመጣ ኖሮ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ልጫንበት ብትል እምቢ ይላታል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ልክ ናቸው። ማይክሮሶፍት ግን አልተወውም። ሙሉ ዊንዶውስ የሚሠራበትን ሰርፌስ ፕሮ እያሻሻለ ቀጠለ፤ ሦስተኛውን በ2014 አወጣ። በ2015 መጨረሻ አፕል ራሱ አይፓድ ፕሮን ከሚለጠፍ ኪቦርድና ከብዕር ጋር ይዞ መጣ። ሰርፌስ የሚለጠፍ ኪቦርዱን ካሳየ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። እዚህ ላይ መንገዱን ያሳየው ተገዳዳሪው ነው።

አንድ ሌላ ዕቃ ደግሞ ጋሼ ጭራሽ አላነሱም። ሳምሰንግ በ2014 ጋላክሲ ታብ አክቲቭ የሚባል ታብሌት አወጣ። ውሃና አቧራ ይችላል፤ ባትሪው ይቀየራል፤ ለመጋዘን፣ ለጥገና ሠራተኛና ለመስክ ሥራ የታሰበ ነው። ሳሎን ቁጭ ብሎ ፊልም የሚያይን ሰው ከአይፓድ ልንጠቅ አላለም። ታብ አክቲቭ 5 በ2024 ወጥቷል። አሥር ዓመት ቆሟል ማለት ነው። ወደ ባሕር ዳር ሊመጣ የታሰበው ዕቃ የሚመስለው ይህንን እንጂ ፕሌይቡክን አይደለም። ጋሼ ሊያወዳድሩት ይገባ የነበረው ከዚህ ጋር ነው።

ወደ አፕ እንምጣ። ለሥዕል፣ ለሙዚቃና ለቪዲዮ ቅንብር ከሆነ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። አንድ አርክቴክት ቢጠይቀኝ አይፓድ ግዛ እለዋለሁ። ግን ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ታብሌት ለሥራ በብዛት የሚያዘው የት ነው? ጥናት ላይ ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ቋሚ ሥራ እስኪያገኝ ዳታ እየሰበሰበ ወረዳ ለወረዳ የዞረ ወጣት ብዙ ነው። ያ ወጣት የሚያውቀው ኮቦ ኮሌክት ወይም ኦዲኬ ኮሌክት የሚባሉትን የጥናት መጠይቅ መሙያ አፖች ነው። ሁለቱም አንድሮይድ ላይ የሚጫኑ ናቸው። አይፓድ ላይ አይጫኑም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 የተካሄደው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መረጃውን በታብሌት ነው የሰበሰበው። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራም ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ተራዘመ እንጂ። ስለዚህ በሥራ ታብሌት ረገድ እኛ ጋ የለመደው እጅ የአንድሮይድ እጅ ነው።

ጋሼ የአፕ ብዛት ነው የቆጠሩት። እኔ ደንበኛ ጋ ስሄድ የምጠየቀው ሌላ ነው። «ጳጉሜን ያውቃል ወይ?» ይሉኛል። ይህ ትንሽ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ከውጭ የተገዛ ፕሮግራም ይጠቀም ነበር። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እየጻፉ ነበር የሚያስገቡት። ፕሮግራሙ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜ 3 ቀን ሲሚንቶ ገባ። ዕቃ ጠባቂው አሥራ ሦስተኛ ወር ቢጽፍ እምቢ አለው፤ ነሐሴ 30 ብሎ አስገባው። ቆጠራ ሲደረግ መዝገቡና ደረሰኙ አልገጠሙም። ልጁ ተጠረጠረ። ጉዳዩን ለማጥራት ሁለት ቀን ፈጀብን። ልጁ ምንም አላጠፋም ነበር። ያን ሁለት ቀን የነበረውን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ለእኔ ጥሩ የሥራ ዕቃ ማለት እንዲህ ዓይነት ሰው የማያስጠረጥር ነው። አስመጪው ከታብሌቱ ጋር ሊጭነው ያሰበው ፕሮግራም አሥራ ሦስት ወር፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ የሚሄድ የበጀት ዓመት፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት የሚል አቆጣጠር ከሌለው እኔም ከጋሼ ጋር ሆኜ አትግዙት እላለሁ።

ስለ ማተሚያም አንድ ነገር ልጨምር። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ያዘዘውን ኩሽና ውስጥ የሚያወጡ ትንንሽ ማተሚያዎች አሉ። አብዛኞቹ ውስጣቸው የእኛ ፊደል የለም። «ዓሣ ጉላሽ» ብላችሁ ብትልኩ የጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ። መፍትሔው ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ መላክ ነው። ይህን አንድሮይድም አይፓድም ላይ ማድረግ ይቻላል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ገበያ ላይ የምናገኛቸው ርካሽ የብሉቱዝ ማተሚያዎች ብዙዎቹ ከአንድሮይድ ጋር በቀላሉ ይግባባሉ። በዚያው በተለመደው ብሉቱዝ ከአይፓድ ጋር ለመግባባት ግን አፕል ፈቃድ የሰጠው ዓይነት መሆን አለባቸው። ያ ዓይነት ደግሞ ውድ ነው፤ እዚህም እንደልብ አይገኝም። (የካሽ ሬጅስተሩ ማሽን እንዳለ ይቀጥላል። ታብሌት ገዛሁ ብሎ ማሽኑን የሚያነሳ ነጋዴ ከገቢዎች ጋር ይጣላል።)

ሦስተኛው የጋሼ ነጥብ ዋጋ ነው። «አይፓድ ተመልሶ ሲሸጥም ዋጋውን አያጣም» ብለዋል። ይህ እውነት ነው። አንድ ምክንያቱ አፕል ለዕቃው ረጅም ዓመት አፕዴት መላኩ ነው። በ2014 የወጣው አይፓድ ኤር 2 በ2021 የወጣውን ሶፍትዌር ተቀብሏል። ሰባት ዓመት ነው። ብዙ የአንድሮይድ ታብሌት ይህን ያህል አይሄድም። አዲሱን ዕቃ የሚያስገባው ሰው የስንት ዓመት አፕዴት እንደሚመጣለት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በቃል ብቻ ከሆነ አትመኑት።

ሌላ እውነትም ልናገር። ውሃና አቧራ የሚችሉ የሥራ ታብሌቶች ከተራው አይፓድ ርካሽ አይደሉም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይበልጣሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ተወደደ። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ስለዚህ አስመጪው «ከአይፓድ እናረክሳለን» ብሎ ከመጣ ተሸንፎ ነው የሚመጣው። በዚህ ላይ ጋሼና እኔ አንለያይም።

የምንለያየው ሒሳቡን መቼ እንደምንዘጋ ነው። ጋሼ ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃን የሚያዩት በሚሸጥበት ቀን ዋጋ ነው። ሆቴል ግን ታብሌት የሚገዛው ሊያሠራበት ነው። አንድ የማውቀው ሆቴል ለአስተናጋጆቹ ስድስት አይፓድ ገዛ። በአሥር ወር ውስጥ የሦስቱ መስታወት ተሰነጠቀ። ፎቁና ግቢው ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ትሪና አይፓድ በአንድ እጅ መያዝ ደግሞ ከባድ ነው። እዚህ ደፍሮ የሚከፍት ስላልተገኘ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ለሦስት ሳምንት ሦስት አስተናጋጆች ወደ ወረቀት ተመለሱ። ወረቀትና ታብሌት ጎን ለጎን ሲሠሩ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው። አንድ ጠረጴዛ ሁለት ጊዜ ይታዘዝለታል፤ ሌላው ይረሳል። ገንዘቡ የባከነው እዚያ ነው እንጂ በመስታወቱ ዋጋ አይደለም። የተሰነጠቀ አይፓድ ደግሞ ጋሼ በጻፉት ዋጋ ማንም አይገዛውም።

ባትሪውም እንዲሁ ነው። የአይፓድ ባትሪ ውስጥ ተለጥፎ የተዘጋ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት በየቀኑ ከሠራ በኋላ ሲደክም ባለሙያ ይፈልጋል። አዲሱ ላይ የደከመውን አውጥቶ ሌላ መክተት ነው፤ አስተናጋጇ ራሷ ታደርገዋለች። መብራት ከሰዓት ሄዶ ማታ በሚመጣበት ቀን ሁለተኛ የተሞላ ባትሪ መሳቢያ ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ሙቀትም አለ። አፕል ለአይፓድ ያስቀመጠው የሥራ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ አስቀምጡትና እዩት። ለማቀዝቀዝ ብሎ ይዘጋል፤ ደንበኛው ቢል እየጠበቀ።

ግን እዚህም ቅድመ ሁኔታ አለኝ። መለዋወጫው ባሕር ዳር ውስጥ መቀመጥ አለበት። መስታወት፣ ባትሪ፣ የቻርጅ መሰኪያ። ሁለት የሠለጠኑ ልጆችም ያስፈልጋሉ። በሞባይል ጥገና እጃቸው የተፈታ ልጆች በከተማችን ሞልተዋል፤ ሥልጠናው ሳምንት አይፈጅም። አስመጪው ይህን ካላደረገ ለሦስት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሌላ ታብሌት አመጣ ማለት ነው።

«ስልክ ይበቃል» ለሚለው ብዙ አልጽፍም። ለአንድ ሰው ሱቅ በደንብ ይበቃል። ቴሌብር የገባ ያልገባ ለማየትም ከስልክ የተሻለ የለም። አምስት ሠራተኛ ላለው ቤት ግን ስልኩ የማን ነው? የሠራተኛው ከሆነ ማታ ከእሱ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ የዱቤ ዝርዝር፣ የዕቃ ዋጋ አብሮ ይሄዳል። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ምን ይሆናል? ክፉ ሰው መሆን የለበትም፤ ስልኩ ቢሰረቅበት ይበቃል። የሥራ ታብሌት በር ተቆልፎ ሲወጣ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የመጨረሻው የጋሼ ነጥብ ከሁሉም የከበደኝ ነው። «ኔትወርክ በሚቋረጥበት ከተማ መዝገብ ይሻላል» ብለዋል። ይህን የጻፉት ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ሥራቸውን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ያደረጉ ቤቶች ቆሙ። እኔ ራሴ የተከልኩት የአንድ ሱቅ ሲስተም ቆሟል። መረጃው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ነበር። ባለቤቱ ማን ዱቤ እንዳለበት ማየት አልቻለም። ደብተሩን የጣለው እኔን አምኖ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አሁን የምተክለው እንዲህ ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይሆናል። አንድ ራውተር ይገጠማል። ታብሌቶቹ ከዚያ ኮምፒውተር ጋር በግቢው ውስጥ ባለው ዋይፋይ ይነጋገራሉ። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ታብሌቱ ከግቢ ከወጣም የጻፈውን ራሱ ላይ ይይዛል፤ ሲመለስ ያስረክባል። ኢንተርኔት ሲመጣ ቅጂው ወደ ውጭ ይላካል፤ ካልመጣም ሥራው አይቆምም። መብራት ቢሄድ ራውተሩን ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል። ጋሼ፣ ያኔ የቆመው ታብሌቱ አልነበረም። የቆመው እኛ በተሳሳተ መንገድ የሠራነው ሲስተም ነው። የዳታ ሰብሳቢዎቹ አፖችም ለዓመታት ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ሲሠሩ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ መዝገብም ቢሆን ክፉ አልናገርም። መዝገብ ባትሪ አይፈልግም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ ቅጂ። ይህ የገባኝ ሱቅ ውስጥ አይደለም፤ ወደቡ ላይ ነው።

ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራንና እንጦስ፣ አንዳንዴም ራቅ ብሎ ወደ ደቅ የሚሄዱ ጀልባዎች ከባሕር ዳር ወደብ ይነሳሉ። የማውቀው አንድ የጀልባ ማኅበር የተሳፋሪ ስም በመዝገብ ይይዛል። ስሙ የሚጻፍበት ወረቀት ከጀልባው ጋር ይሄድ ነበር። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ባለፈው ክረምት አንድ ጀልባ ሲመለስ ዝናብና ማዕበል ያዘው። ሁሉም በሰላም ገቡ፤ ተመስገን። ወረቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ ረጥቦ ነበር። አንድም ስም አይነበብም። ወደቡ ላይ ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጀልባው ላይ ስንት ሰው እንዳለ እንኳ በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር። አንዱ አሥር አለ፤ ሌላው አሥራ ሁለት አለ። እኔም እዚያ ነበርኩ። አንዲት እናት ልጇ በዚያኛው ጀልባ ይሁን በሌላው ስትጠይቅ መልስ የሚሰጣት አልነበረም።

ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ ማኅበር ውስጥ አንድ ታብሌት እየሞከርን ነው። አስመጪው ያመጣው አይደለም። ከአንድ የጥናት ፕሮጀክት የተረፈ፣ ባትሪው የሚቀየር አሮጌ ዕቃ ነው። መዝጋቢው የተሳፋሪዎቹን ስም፣ የጀልባውን ቁጥርና የተሰጠውን የሕይወት አድን ጃኬት ብዛት ይጽፋል። ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ቅጂው ወደቡ ላይ ባለችው ክፍል ውስጥ ይቀራል።

ችግር አላጣንም። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ፊደል አይታይም፤ መዝጋቢው ጃንጥላ ይዞ ነው የሚሠራው። በእርጥብ ጣት ሲነካ ሌላ ነገር ይከፍታል፤ ስለዚህ በብዕር እንዲነካ አድርገናል። መዝጋቢው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ በእጅ ጽፈዋል። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ፊደሉን አጉላልኝ፤ የአባት ስም ቦታውንም አርዝምልኝ» የሚል ነበር። አጎላሁ፤ አረዘምኩ። ወረቀቱን አልተዉም፤ እኔም ተዉት አላልኳቸውም። ማታ ሁለቱን ያመሳክራሉ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተለያይቷል። አንዱ ላይ ወረቀቱ አንድ ሕፃን ዘልሎ ነበር። ሌላው ላይ ታብሌቱ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ነበር፤ እሱን በማግስቱ አስተካከልኩት።